ቮልስዋገን ፍለጋ ወደ አንጋጫ

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ሰኞ ማለዳ፣ እኔና ግርማ ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ተነሳን። የምንሄደው ሆሳዕና ነበር። የሚወስደን ጉዳይ ደግሞ ከጋዜጣ ቆርጬ ደረት ኪሴ ውስጥ የያዝኳት ትንሽ ማስታወቂያ ናት። «በጥንቃቄ የተያዘች የቆየች ቮልስዋገን። ባለቤቱ ራሱ ይሸጣታል። ሆሳዕና፣ አቶ ኤርሲዶ ብለው ይጠይቁ» ትላለች። ዋጋም ሰፈርም አልጠቀሰችም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል እሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፊርማን ከፊርማ፣ ማኅተምን ከማኅተም ሳመሳክር ስለምውል መጠርጠር አመል ሆኖብኛል። ባለቤቴ «አንተ እኮ የገዛ ጥላህንም መታወቂያ አምጣ ትለዋለህ» ትለኛለች። ማስታወቂያዋን እንዳየሁ ወዲያው የመጣብኝም ጥርጣሬ ነው። መኪናዋ እውነት ደህና ከሆነች ሆሳዕና ቁጭ ብላ ምን ትጠብቃለች? አዲስ አበባ ገዢ ጠፍቶ ነው? የአገሩስ ሰው ለምን አላነሳትም?

ግን መኪና የግድ ያስፈልገኝ ነበር። ልጄን ሰናይትን በሕፃንነቷ ፖሊዮ ይዟት እግሮቿ አይታዘዙላትም። እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ አዝያት ትምህርት ቤት አደርሳት ነበር። አሁን አሥር ዓመቷ ነው። እሷ እየከበደች ስትሄድ የእኔም ወገብ እየደከመ መጣና፣ ከገና ወዲህ የሳምንቱን ግማሽ ቤት ትውላለች። የወጣልኝ እቁብ አንዲት አሮጌ መኪና ይገዛል፤ ግን አንዴ ብቻ። ከተሳሳትኩ መመለሻ የለኝም።

ግርማን ያስከተልኩትም ለዚሁ ነው። የሰፈሬ ልጅ፣ መካኒክ፣ የእቁብ ጓደኛዬ ነው። ወገቤን ሲያመኝ ሰናይትን አንዳንዴ እሱ ያዝልልኛል። እኔ ከመኪና የማውቀው መሳፈር ብቻ ነው፤ መንጃ ፈቃድም አልነበረኝም።

እስከ ሆሳዕና

ዓለም ገናን እንዳለፍን አስፋልቱ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ጠጠርና አቧራ ነው። አዋሽን መልካ ቁንጥሬ ላይ ስንሻገር ከኋላችን የተነሳው አቧራ ድልድዩን ዋጠው። ቡኢ ላይ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ ገዛን። ቡታጅራ ለምሳ ሲቆም ክትፎ በቆጮ አዘዝን፤ ግርማ ሁለተኛ ጨመረ። የከፈልኩት እኔ ነኝ።

አጠገቤ የተቀመጠ በርበሬ ነጋዴ ለምን እንደምንሄድ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«መኪና ልትገዙ? ከሆሳዕና?» አለና ሳቀ። «ሰው ከዚያ በቅሎ ሲገዛ ነው የማውቀው።»

ግርማም አብሮት ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሆሳዕና የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሽማግሌዎቹ እስካሁን ዋቸሞ ይሏታል። አየሯ ቀዝቃዛ ነው፤ ከከተማዋ ዳር ጀምሮ የእንሰቱ አረንጓዴ ይቀበላችኋል። አንድ ሱቅ ጎራ ብዬ አቶ ኤርሲዶን ጠየቅኩ።

«ኤርሲዶ ቆዳ ነጋዴው? እዚህ የለም። አንጋጫ ነው ያለው» አለኝ ባለሱቁ።

«ጋዜጣው እኮ ሆሳዕና ነው የሚለው።»

«ታዲያ አንጋጫ ቢል የአዲስ አበባ ሰው የት ብሎ ይመጣል?»

ነገሩ አልተዋጠልኝም። ሻይ ቤት ስንገባ ደግሞ አንዱ መኪናዋን ካየ ዓመት እንዳለፈው ነገረኝ። ሌላው «ባለፈው እሑድ አይቻታለሁ» ብሎ ተከራከረው። ቤርጎ ገብቼ ስተኛ ጥያቄዎቹን በልቤ ደረደርኩ። መኪናዋ ያለችበት ትክክለኛ ቦታ ያልተነገረው ለምንድን ነው? ሰዎቹስ ስለ አንዲት መኪና እንዴት ሁለት ዓይነት ይናገራሉ? ግርማን ባማክረው «ጋሼ፣ ሞተሩን ልየው። ሞተር አይዋሽም» አለኝ። እኔም በሱ ቃል ተጽናንቼ ተኛሁ።

አንጋጫ

ማክሰኞ ጠዋት ከድር በሚባል ሾፌር ላንድሮቨር ተጫንን። መጫን ነው የሚባለው፤ ከሰው ይልቅ ማዳበሪያ ከረጢቱና ዶሮው ይበዛል። ከድር የሀዲያ ሰው ነው። አንጋጫ ገበያና ሆሳዕና መካከል ሲመላለስ ከንባትኛውንም አማርኛውንም እንደ ሀዲይኛው አቀላጥፎታል። በግራ በኩል የአምባሪቾን ተራራ እያሳየኝ «ኤርሲዶ ጥሩ ሰው ነው» አለኝ። ሳልጠይቀው ስለተናገረ እሱንም ጠረጠርኩት።

አቶ ኤርሲዶ ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ለእኔም ለግርማም እኩል «አንተ» ይላል፤ የአካባቢው አማርኛ እንደዚያ ስለሆነ አልከፋኝም። ወደ እህል ጎተራው ወስዶ ነጭ አቡጀዲ ገለጠ።

 ሰማያዊ ቮልስዋገን ናት። ኒኬሏ ፊቴን ያሳየኛል። ወንበሮቿ አልተቀደዱም፤ ወለሏ ላይ አንዲት የጭቃ ነጠብጣብ የለም። በዚያ መንገድ፣ በዚያ አገር! ልቤ ወዲያው «ይህስ ቀለም የተቀባ መቃብር ነው» አለኝ።

«ከየት አገኘሃት?» አልኩት።

«አገሩ ከገባ ፈረንጅ ሐኪም። በክረምት አላወጣትም፤ ትሰምጣለች። በበጋ እሑድ እሑድ ከማርታ ጋር ጸሎት ቤት እንሄድባታለን።» ማርታ ባለቤቱ ናት።

«ታዲያ ለምን ትሸጣታለህ?»

«ወፍጮ ልተክል። የኛ ሴቶች እህል ተሸክመው ሩቅ ነው የሚሄዱት። መኪናዋ ታምራለች፤ ግን አትፈጭም።»

ሊብሬውን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩና ቤት ገባን። ፊርማዎቹን በብርሃን አየኋቸው፤ ከማኅተሞቹ ጋር ሁሉም ልክ ነው። እኔ ደግሞ ሁሉም ነገር ልክ ሲሆንም እጠረጥራለሁ። እኔ ይህን ሳደርግ ግርማ ብቻውን ከመኪናዋ ኋላ ሞተሩን ከፍቶ ነበር።

ስንመለስ ግርማ አስነሳት። ሞተሩን አሳለው፤ መኪናዋ እግሩ እንደተሰበረ ወንበር ተንገዳገደች። አቶ ኤርሲዶ ደነገጠ።

«እሑድ እንዲህ አልነበረችም!»

ግርማ በጆሮዬ «ጋሼ፣ ሞተሩ አልቋል። ካምቢዮውም ደህና አይደለም። ከላይ አስጊጠው ነው የሚሸጡት፤ ተወው» አለኝ።

ከጠዋት ጀምሮ የምጠብቀው ቃል ስለሆነ ለማመን አልተቸገርኩም። ለአቶ ኤርሲዶ እንደማልፈልጋት ነገርኩት። አልተቆጣም፤ አልለመነኝምም። ወይዘሮ ማርታ ግን «ሳትበሉማ አትሄዱም» ብላ በቅቤ የተሠራ ትኩስ አታካና አቀረበች፤ ከቡላ የሚሠራ የሀዲያ ምግብ ነው፤ እሷም የሀዲያ ልጅ ናት። ባሏ ጸሎት አድርሶ በላን። ስንጨርስ ዓይኔን እያየ «አላመንከኝም» አለ።

«መኪናዋን ነው ያላመንኳት» አልኩት። ሁለታችንም ውሸት መሆኑን አወቅን።

ልንወጣ ስንል ግርማ አቡጀዲውን አንስቶ መኪናዋን አለበሳት። ጠርዙን በጎማዎቹ ሥር እየከተተ፣ እጥፋቱን በመዳፉ እያቃና፣ ልክ ሕፃን ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ነበር የሚሸፍናት። ለአቶ ኤርሲዶም «እስከዚያው አታስነሷት፤ ማንም እንዳይነካት» አለው። በላንድሮቨሩ ላይ እየተንገጫገጥኩ ይህች ነገር አእምሮዬን ትቆረቁረው ጀመር። ያለቀ ሞተር ቢነካስ ምን ይሆናል? «እስከዚያው» ማለትስ እስከ መቼ ነው?

እንደገና ሆሳዕና

ሆሳዕና አድረን ረቡዕ ጠዋት ግርማ ሆዱን እንዳመመው ነገረኝ። «አንተ ሂድ ጋሼ፤ ሥራ እንዳይቀርብህ። እኔ ትንሽ ሲሻለኝ እመጣለሁ።» ትናንት ሁለት ሰሃን አታካና የበላ ሰው ስለሆነ አመንኩት። ቦርሳዬን ይዤ ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ። ረዳቱ ዕቃ ሲጭን ከማዶ ከድር ጠራኝ።

«አንተስ አትሄድም እንዴ?»

«የት?»

«አንጋጫ ነዋ! ጓደኛህ አሁን በአጎቴ መኪና ሄደ። እኔም ሞልቶልኝ ልነሳ ነው።»

 ከሆሳዕና ባለሱቅ እስከ ባለመኪናው ድረስ አንድ በአንድ ስጠረጥር፣ ከጎኔ የተቀመጠውን ሰው አንድ ጊዜም ዞር ብዬ አላየሁትም። ቦርሳዬን ከአውቶቡሱ አውርጄ ከድር ጎን ገባሁ።  መንገዱን ሙሉ የማስበው ሰናይትን ነው፤ እነዚያን የግርማን ትከሻዎች እሷም ታምናቸው ነበር።

የአቶ ኤርሲዶ ግቢ ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። ከውስጥ ግን የሞተር ድምፅ ይሰማል፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና የተስተካከለ፣ ሳል የሌለበት። አቶ ኤርሲዶ በሩን ከፈተልኝ። ግርማ መሪው ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ እጁን ከመሪው አነሳ።

አቶ ኤርሲዶ ዝግ ባለ ድምፁ ነገረኝ። «በግማሽ ዋጋ ልውሰዳት አለኝ። እኔ ግን ሁለት ሆናችሁ መጥታችሁ አንዱ ብቻ ሲመለስ ደስ አላለኝም። ትናንት ያለቀ ሞተር ዛሬ በእሱ እጅ ሲድን ደግሞ የባሰ ጠረጠርኩ። በሩን ዘግቼ ‹ጓደኛህ ካልመጣ አትወጣም› አልኩት።»

ያን ጊዜ እንኳ የእኔ አመል አልተወኝም፤ ሁለቱ ተመካክረው ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ። ከድርን ለመንኩትና መኪናዋን ገበያውን አዙሮ፣ ዳገቱን አውጥቶ መለሳት። ወርዶ «ይቺን ካልገዛሃት እኔ ላንድሮቨሬን ሸጬ እገዛታለሁ» አለ።

ወደ ግርማ ዞርኩ። «ምን ነበር ያደረግካት?»

አንገቱን ደፍቶ ሞተሩን ከፈተ፤ አንዲት ጥቁር ገመድ አሳየኝ። «የካንዴላ ገመድ ነው። ነቅዬው ነበር።»

«ለምን?»

«ጋሼ፣ የሰው ጋራዥ ውስጥ እጄን ስቆርጥ አርጅቼ ልቀር ነው። ይቺን ታክሲ ባደርጋት ሰው እሆን ነበር። ለእኔ እንጀራ ናት። አንተ እንኳ መንዳት አትችልም።»

«ለሰናይት እግሯ ናት» አልኩት። «ክብደቷን ደግሞ አንተም ታውቀዋለህ።»

 ግርማ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ የጸዳውን እጅ ደግሞ እንደገና ጠረገ።

ዋጋ ላይ ከአቶ ኤርሲዶ ጋር አልተከራከርንም ብል ውሸታም እሆናለሁ። ግን የተነጋገርነው እንደ ሁለት ጠርጣራዎች፣ በመከባበር ነው። ሐሙስ ማለዳ ሆሳዕና ላይ በምስክር ፊት ተፈራርመን ሊብሬውን ተቀበልኩ። የእሱን ፊርማ ሁለት ጊዜ አየሁት። እሱም የእኔን ሁለት ጊዜ አየ፤ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን።

ወደ ቤት

የቀረው ጥያቄ ማን ይንዳት የሚለው ነው። ከድር ሥራ አለው። አቶ ኤርሲዶ ከሆሳዕና አልፎ ነድቶ አያውቅም። ግርማ ጥግ ቆሞ ነበር። «እኔ ላድርስህ» አለ። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

የሄድንበትን መንገድ በዚያው ዕለት ተመለስንበት። ዓይኔ ከእጁ ላይ አልተነሳም። ሲቆም ቁልፉን እነቅላለሁ፤ ሲነሳ እሰጠዋለሁ። ቡታጅራን አልፈን መንገድ ዳር አቁሞ ሞተሩን ሲከፍት ወርጄ ከጀርባው ቆምኩ። መቆሜን ሲያይ ወደ ጎን ሸሸት አለልኝ። «ና እይ» አለኝ። «ይኼ ካንዴላ ነው። ይኼ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ነው። ዘይቱን በዚህ ትለካዋለህ። ማንም እንዳያታልልህ ማወቅ አለብህ።» የሚናገረው መሬት መሬት እያየ ነው። ያሳየኝን ሁሉ በእጄ እየነካሁ ተማርኩ።

ቤት ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር። ባለቤቴ ሰናይትን ተሸክማ ወጣችና የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ልጄ መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። ግርማ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጦ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ለባለቤቴ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

በማግስቱ ጠዋት ሰናይት ደብተሯን ይዛ ስትጠብቅ በሩ ተንኳኳ። ግርማ ነው። «ትምህርት ቤት አይረፍድባትም?» አለ። ባለቤቴ ፊቷን አዞረች። እኔ ቁልፉን አንስቼ፣ ካፖርቴን ለብሼ አብሬ ወጣሁ።

ከአንጋጫ ያመጣሁት ትምህርት ጥርጣሬን ተው የሚል አይደለም። ጥርጣሬ ባይኖር እኔም አቶ ኤርሲዶም ተበልተን ነበር። ግን ጥርጣሬ ሩቅ ሩቁን ሲያይ ከጎኑ ያለውን ይስታል፤ የሳተውን ሲያገኘው ደግሞ ያንን ሰው ሙሉ በሙሉ ከመጣል የተሻለ መንገድ አንዳንዴ ይኖራል። መንጃ ፈቃዴን እስካገኝ ድረስ ሰናይትን በየቀኑ ትምህርት ቤት ያደረሳት ግርማ ነው፤ አንድ ቀን አልቀረም፤ አንድ ሳንቲምም አልጠየቀም። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር የምሄደው። ቁልፉ ግን አንድ ቀንም እሱ ቤት አላደረም።