የጎማ ጠጋኙ ጆሮ

ጎማ ጠጋኝ ነው፤ ጥፍሩ ሥር የገባው ጥቁር እድፍ በሳሙና አልለቅ ብሎታል። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው መኪና አየር ሲሞላ ኖሮ፣ ዛሬ ከአባቱ አልጋ ራስጌ ቆሞ የኦክስጅኑን መለኪያ በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። ሐኪሟ ቁርጡን ነግራዋለች፤ ሳንባቸውን የሚያስታግሰው መድኃኒት ስኳራቸውን ያንረዋል፣ ለደከመው ልባቸው የሚሰጠው ደግሞ ኩላሊታቸውን ይጎዳል።

ሽማግሌው መተኛት አቅቷቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ከኋላቸው ጎንበስ ብሎ፣ የተበሳ ጎማ እንደሚያዳምጥ ሁሉ፣ ጆሮውን ጀርባቸው ላይ ለጠፈ። በልጅነቱ እሹሩሩ ይወጣበት ከነበረው ደረት አሁን የሚሰማው ፉጨት ብቻ ነው።

«አንተ ጎበዝ፣ ቀዳዳውን አገኘኸው?» አሉት፣ በተቆራረጠ ትንፋሽ እየሳቁ።

«ዝም ይበሉ አባባ፤ እየፈለግኩት ነው።»

ጆሮውን አላነሳም፤ ቀና ካለ ዞረው ፊቱን ያዩበታል።