የወርቅአፈራሁ ቀይ መኪናና የማናልሞሽ ታኮ

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ቤቱን ዳገት ራስ ላይ ሠርቶ ሲያበቃ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ ስፖርት መኪና የሚገዛ ሰው ቢፈለግ ከወርቅአፈራሁ በቀር አይገኝም። መኪናዋ ቀይ ናት፤ በሮቿ ሁለት፣ ቁመቷ የሰው ወገብ ነው። ከአዲስ አበባ ይዟት የመጣው ጎረምሳ የአገሩን መንገድ ካየ በኋላ እዚሁ ሸጧት በሚኒባስ ተመለሰ። ወርቅአፈራሁ ደግሞ የዕድሜውን እኩሌታ ቴፒ ቡና እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዳ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ትራክተርን የማይመስል ነገር ሁሉ ያምረዋል። አየ፣ ወደደ፣ ገዛ። ዳገቱ ትዝ ያለው ቁልፉን ከተቀበለ በኋላ ነው።

መኪናዋ እሱን ብቻ ስትይዝ እያቃሰተችም ቢሆን ትወጣለች። ሚስቱ ማናልሞሽ ከጎኑ ስትቀመጥ ግን እመንገዱ ወገብ ላይ ትንፋሽ ያጥራትና ወደ ኋላ መንሸራተት ትጀምራለች። ስለዚህ ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ማናልሞሽ ትወርዳለች። መውረድ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከእግሯ ሥር የማይለይ አንድ የባሕር ዛፍ ጉማጅ አለ፤ ታኮ። መኪናዋ ከፊት እያጓራች ስትወጣ፣ ማናልሞሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ታኮውን ታቅፋ ከኋላ ትከተላለች። መኪናዋ ስትቆም ጎማው ሥር ትወሽቀዋለች፣ ስትነሣ መልሳ ታቅፈዋለች። የባጃጅ ሾፌሮቹ "እትዬ ማናልሞሽ፣ ረዳት ሆኑ እንዴ?" ይሏታል። "ረዳትስ ደመወዝ አለው!" ብላ ታልፋቸዋለች።

የልጃቸው የዲቦራ ሠርግ ለጥር ባይቆረጥ ኖሮ ነገሩ በሳቅ ያልፍ ነበር። ጋብቻው ታች ከተማው ቤተ ክርስቲያን፣ ድንኳኑ ዳገቱ ራስ እነሱ ግቢ ሆነ። አባትና እናት ሙሽሮቹን ድንኳኑ በር ላይ ለመቀበል ከቤተ ክርስቲያን ቀድመው መውጣት አለባቸው። ዕድምተኛው ደግሞ ከድንኳኑ ሆኖ ዳገቱን ከሥሩ እስከ ራሱ ያየዋል።

"አንተ ሰውዬ፣ ስማኝ" አለችው ማናልሞሽ አንድ ማለዳ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ጀንፈል ቡናዋን እያገላበጠች። "በልጄ ሠርግ ቀን ያበሻ ቀሚስ ለብሼ፣ ታኮ ታቅፌ፣ ከመኪና ኋላ አልሮጥም። እኔ በባጃጅ እመጣለሁ። አንተ ከቀይዋ ጋር ና።"

ይህ ነገር አጥንቱ ድረስ ዘለቀው። የሙሽራ እናት በባጃጅ፣ የሙሽራ አባት ብቻውን በቀይ መኪና! ሰው የተፋቱ ነው የሚላቸው።

"እዚህችው መኪና ላይ ተቀምጠሽ ትወጫለሽ" አለ። "ካልወጣሽ ከሰው አትቁጠሪኝ።"

የችግሩን ሥር መካኒኩ ጥበቡ ቀድሞ ነግሮታል። የአዲስ አበባው ጎረምሳ በፈጣን መንገድ ላይ ሊያስጋልባት ብሎ የኋላ ጎማዎቿን የሚያዞረውን የዲፈረንሻሏን ጥርሶች አስቀይሯል። "ሩጫ ሲጨምርላት ጉልበቷን ወሰደባት" አለው ጥበቡ። "ጥርሶቹን በጉልበተኛ ብትቀይር ዳገቱን ትወጣለች። ሩጫዋን ግን እርሳው።" ወርቅአፈራሁ ሩጫዋን ረሳው፤ ሚዛን ላይ ወዴት ይሮጣል? ጉልበተኞቹ ጥርሶች ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭነው መጡ። የቀረው፣ ማን ይግጠማቸው የሚለው ነበር።

ጥበቡ እጁ የተባረከ ነው፤ ይህን ጠላቱም አይክድም። ችግሩ፣ መፍታት ይወዳል፣ መግጠም ይሰለቸዋል። ግቢው ውስጥ ተፈተው በቀሩት መኪኖች ላይ የዱባ ሐረግ ወጥቶባቸዋል፤ ከአንደኛውማ ኮፈን ላይ ዱባ ተቆርጦ ተበልቷል። "ለጥር አደርስልሃለሁ" ብሎ ነበር፤ የየትኛው ዓመት ጥር እንደሆነ ግን አልተናገረም። በሌላ በኩል ወርቅአፈራሁ በሕይወቱ የፈታው ትራክተር ብቻ ነው። የትራክተር ጥርስ ቻይ ነው፣ ትንሽ ቢዛነፍም ያርሳል። የዚህችኛዋ ግን ጥርስና ጥርሷ የሚገናኙበት ክፍተት የፀጉር ያህል ከተሳተ፣ ወይ ስታላዝን ትኖራለች ወይ ትሰበራለች።

ወርቅአፈራሁ እንቅልፍ አጣ። ያገኘውን ሁሉ አማከረ። "ራስህ ሥራው!" ያለው ሰው ሁሉ መኪና የሌለው ሆኖ ተገኘ። መኪና ያለው ሁሉ ደግሞ ለጥበቡ ሰጥቶ ገና እየጠበቀ ነው። ጥበቡ ወሬው ሲደርሰው "ከመጠምጠም መማር ይቅደም በሉት" ብሎ ላከበት። ይህችን መልእክት ባይልክ ኖሮ ምናልባት መኪናዋን ያገኝ ነበር። ወርቅአፈራሁ ግን ነደደው።

"ራሴ እሠራታለሁ!"

"የጓዳውን በር ራስህ ከሠራኸው ወዲህ ጨው የምንቀባበለው በመስኮት ነው" አለች ማናልሞሽ። እሱ ግን ክሪኩን ይዞ መኪናዋ ሥር ገብቶ ነበር።

መፍታቱ እንዳሰበው ሆነለት። ዘይቱን አፈሰሰ፣ ዲፈረንሻሉን አወረደ፣ ብሎኖቹን፣ ኩሽኔታዎቹንና በመካከላቸው የሚገቡትን ስስ ቀለበቶች አንድ በአንድ አወጣ። አሁን በተፈቱበት ተራ መደርደር አለባቸው። የት? መሬቱ ጭቃ ነው። ግቢው ውስጥ ንጹሕ፣ ሰፊና ከመሬት ከፍ ያለ ነገር አንድ ብቻ አለ፤ የማናልሞሽ የቡና ማድረቂያ አልጋ። ጀንፈሉን በክንዱ ገፋ አድርጎ፣ ብረቶቹን ከአዲሶቹ ጥርሶች ጋር ጫፉ ላይ ደረደረ። ሲያየው በጣም ስላማረው፣ ደስ ብሎት ውሃ ሊጠጣ ገባ።

ዝናቡ ያን ጊዜ ወረደ።

እዚህ አገር የተሰጣ ቡና ላይ ዝናብ ሲመጣ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። ያየ ሁሉ ይሮጣል፤ የተኳረፈም ኩርፊያውን ለጊዜው አቁሞ ይሮጣል። "ቡና! ቡና!" የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ወዲያው ጎረቤቱ ግቢውን ሞላው። ጆንያ ዘረጉ፣ በክንዳቸው እየጠረጉ አግበሰበሱት። ወርቅአፈራሁ የውሃውን ጣሳ እንደያዘ ብቅ ሲል፣ አልጋው ባዶውን ቆሟል። ጎረቤታቸው ትርፌ የመጨረሻውን ጆንያ አፍ እያሰረች ነበር።

"ጋሽ ወርቄ፣ እንኳን ደስ አለዎት! አንዲት ፍሬ አልረጠበችም" አለችው እያለከለከች። "ግን የዘንድሮ ቡናችሁ እንዴት ይከብዳል!"

ምን ይበል? ማመስገን አለበት። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለ፣ ለቅሶ የደረሰ ሰው ፊት እያሳየ።

ማናልሞሽ የሆነውን ስትሰማ "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" አለችና ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋን ለማቆም ግድግዳ መደገፍ አስፈለጋት። በማግስቱ ፀሐይ ሲወጣ ጆንያዎቹ ሁሉ እንደገና ተዘረገፉ። ቡናውን ያስገቡት ጎረቤቶችም ያፈሱትን ሊለቅሙ ተመልሰው መጡ። ብሎኖቹ ተገኙ፣ ጥርሶቹ ተገኙ፣ ኩሽኔታዎቹም ተገኙ። የጥርሶቹን ክፍተት የሚወስነው አንዱ ቀለበት ግን ጠፋ። ያለ እሱ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው።

ማናልሞሽ በወጣትነቷ ቴፒ እርሻ ቡና ትለቅም ነበር፤ ከትራክተረኛው ጋር የተያዩትም እዚያ ነው። እሱ ደጋግሞ ያገላበጠውን ክምር በመዳፏ ዳበስ አደረገችና ቀለበቱን አወጣችው። ወዲያው አልሰጠችውም፤ እጇ ላይ አጠለቀችው።

"ከስንት ዘመን በኋላ አምባር ገዛህልኝ" አለች።

ወርቅአፈራሁ ሳቀ፤ ግን አፍሮም ነበር።

ቀለበቱን ከእጇ ተቀብሎ ሊገጥም ሲጀምር ጥበቡ በርጩማውን አንጠልጥሎ መጣ። ሰላም አለና ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ወርቅአፈራሁ አልጠየቀውም፤ ጥበቡም አልተናገረም። ዝም አይነቅዝም። ወርቅአፈራሁ ኩሽኔታውን ገልብጦ ሊያስገባ ሲል ግን ጥበቡ ሳለ። ወርቅአፈራሁ እጁን ገታ፣ ኩሽኔታውን አዞረ፤ ሳሉም ቆመ። ብሎን ሲያጠብቅ ጥበቡ "እህም" አለ። ትንሽ አላላ። ጸጥ። አንዱን ቀለበት ያለ ቦታው ሲያስገባማ ሰውዬው ትክትክ የያዘው ይመስል አከታትሎ ሳለ። ጥርሶቹ እንዴት እንደሚነካኩ ለማየት ቀለም መቀባት ነበረበት፤ ቀለም ስላልነበረው ዲቦራ ለሠርጓ ያስቀመጠችውን ሊፕስቲክ ቀባቸው። ጥበቡ አንገቱን አስግጎ አሻራውን ተመለከተ፣ አልሳለም። በርጩማውን አንሥቶ ሄደ።

ሠርጉ ደረሰ። ወርቅአፈራሁ መኪናዋን ብቻውን ሞክሯት ጥሩ ወጥታለታለች፤ ማናልሞሽ ግን በድግሱ ተጠምዳ አንድም ቀን አልገባችባትም። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከጎኑ ተቀመጠች። ሜዳው ላይ ባጃጅ ቀደማቸው፤ ቀጥሎም የጫነ ባጃጅ ቀደማቸው። ወርቅአፈራሁ ዞር ብሎም አላየ፤ ልቡ ዳገቱ ላይ ነው።

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ የማናልሞሽ እጅ ሳታስበው የበሩን መክፈቻ ያዘ። ወርቅአፈራሁ አየው። ላይ ዕድምተኛው ከድንኳኑ ወጥቶ ቆሟል፤ ትርፌ እልል ልትል አፏን አዘጋጅታለች።

"ለማንኛውም፣ ታኮው የታለ?" አላት በሹክሹክታ። እግሯ ሥር የለም።

"የለም።"

"ረሳሽው?"

"ምን እረሳዋለሁ። ትናንት ለድግሱ ወጥ ማገዶ አደረግኩት።"

"ማናሌ! ብትቆምስ?"

"አትቆምም" አለች፣ እጇን ከበሩ አንሥታ ቀሚሷ ላይ እያሳረፈች። "ንዳ፤ እንግዳ ቆሟል።"

ነዳ። መኪናዋ እንደ ትራክተር አጓራች፤ ወርቅአፈራሁ ያን ድምፅ ሲሰማ ዓይኑ እንባ ሞላ። እመሃል ላይ ሁልጊዜ ትንፋሽ የሚያጥራት ቦታ ደረሰች፤ አለፈችው። የትርፌ እልልታ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። ማናልሞሽ ድንኳኑ በር ላይ ስትወርድ ቀሚሷ አቧራ አልነካውም።

ሙሽሮቹ ገብተው ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ አንድ ዕድምተኛ "መኪናዋን ማን ሠራት?" ብሎ ጠየቀ።

ወርቅአፈራሁ ተነሥቶ ቆመ። "ራሴ!"

ከጥግ ሳል ተሰማ። ጥበቡ ነው።

"ራሴና ጥበቡ" አለ ወርቅአፈራሁ።

ከአጠገቡ ደግሞ ማናልሞሽ ሳለች።

"ራሴ፣ ጥበቡና ማናልሞሽ።"

ትርፌም ሳለች። ከኋላዋ ቡና ያገቡት ጎረቤቶች ሁሉ ሳሉ፤ ድንኳኑ በሳል ተናወጠ። ሊኮራ የተነሣው ሰው ቁጭ አለና ትልቅ ጉርሻ ጎረሰ። በታኮው የበሰለው ወጥ ነበር።