የሦስቱ እዝባሮች አድራሻ

ባለፈው ሰኞ የእህቴ ልጅ ሕይወት የልጇን የክርስትና ፎቶዎች ለማየት የሚያስችል ሊንክ ከአዲስ አበባ ላከችልኝ። አልከፈት አለኝ። መነጽሬን አድርጌ አድራሻውን ሳነበው «ፋይል» ብሎ ይጀምርና ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ሦስት እዝባር (///) ያስከትላል። የቆየ ንዴቴ ተቀሰቀሰ።

ሐዋሳ የደቡብ ክልል መቀመጫ ሳለች፣ መሃል ከተማ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ኮምፒዩተራችን አንድ ብቻ ነው፤ ዳንቴል ይለብሳል፣ ወደ ክፍሉም ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው። ባለሙያው ታምራት የሐይቁንና የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያን ፎቶዎች የያዘ፣ ለእንግዶች የሚታይ ገጽ ሠራ። እዚያው ማሽን ላይ ሲከፈት ያምራል። ሌላ ማሽን ስለሌለን፣ ሌላ ቦታ ይሠራ እንደሆነ የሞከረ አልነበረም። ገጹንም ፎቶዎቹንም ሲዲ ላይ ገልብጬ እንግዶቹ ወደሚሰበሰቡበት አዳራሽ እንዳመጣ ታዘዝኩ። ከተሳካልኝ ወደ ኮምፒዩተር ክፍል ሊያዛውሩኝ ኃላፊው ቃል ገብተዋል።

ክረምት ነበር። ሲዲውን በሻሼ ጠቅልዬ፣ ጭቃውን እየዘለልኩ ሐይቁ ዳር ካለው አዳራሽ ደረስኩ። የዓሣ ጥብስ ሽታ በመስኮቱ ይገባል። በተዋስነው ኮምፒዩተር ገጹ ሲከፈት ጽሑፉ ወጣ፤ በፎቶዎቹ ቦታ ግን ባዶ ሣጥን ብቻ።

«ዓሣዎቹን መንገድ ላይ በላሻቸው እንዴ?» አሉ ኃላፊው። እንግዶቹ ሳቁ።

«ሲዲው ላይ አሉ ጌታዬ፤ አይቻቸዋለሁ።»

ታምራት ጎንበስ ብሎ የአንዱን ፎቶ አድራሻ አወጣ። ሦስቱን እዝባሮች በትከሻው በኩል አየኋቸው። ቀና ብሎ ተመለከተኝ።

«ድሮስ የጽሕፈት መኪና የለመደ እጅ» አሉ ኃላፊው።

ስንወጣ ታምራትን ጠየቅሁት።

«እትዬ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው እዝባር መካከል የማሽኑ ስም ነው የሚገባው። ባዶ ከተተወ ‹እዚሁ ማሽን ውስጥ ፈልግ› ማለት ነው። ገጹ ፎቶዎቹን የሚፈልገው ቢሯችን ባለው ማሽን አቀማመጥ ነው» አለኝ።

ሰው ቤት ቆሞ «ጓዳ ገብተህ ከላይኛው መደርደሪያ አምጣ» እንደማለት ነው። የእኔን ጓዳ ማለቴ መሆኑን ማን ያውቃል?

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አሁን ምን ያደርጋል፤ አለፈ እኮ።»

ለእሱ አልፏል። አድራሻውን በማግሥቱ ጫማውን አውልቆ ገብቶ አስተካከለው። እኔ ጡረታ እስክወጣ ከጽሕፈት መኪናዬ አልተነሳሁም፤ ቢሮው ውስጥም «ዓሣ በላዋ» እየተባልኩ ኖርኩ።

ለሕይወት ደወልኩላት። «የላክሽልኝ የራስሽ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን አድራሻ ነው። የእኔ ስልክ ከየት ያመጣዋል?»

«ውይ አክስቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችና ፎቶዎቹን ራሳቸውን ላከች።

ሕፃኑ ያምራል። እኔ ግን ያለችውን ለራሴ ደገምኩት። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ለመናገር ትንፋሽ እንኳ አይፈጅም። ታምራት ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ትንፋሽ አላጠረውም ነበር።