ለቆቋ የተተወችው ገብስ

አንድ የሰፈራችን ጎረምሳ ቆቋ የታቀፈቻቸውን እንቁላሎች ጠብሶ በላቸው! እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው።

አባቴ ንፋስ መውጫ አጠገብ ያለውን ገብሳቸውን ሲያጭዱ ቆቅ እንቁላል ታቅፋ አገኙና እንደ ልማዳቸው ዙሪያዋን ሳያጭዱ ተዉላት።

ከዚያ ወዲህ ከልጄ ከሰላም ጋር በየማለዳው እየሄዱ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ከሩቅ ያዩዋት ነበር።

ዛሬ ጎረምሳው እንቁላሎቹን ወስዶ ሲበላ ራሱን በስልኩ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈ። «የነጻ ቁርስ» ይላል፤ ያውም በጾም!

አባቴ ይህን ሲሰሙ ማጭዳቸውን አነሱ። የተረፈችውን ገብስ ሊያጭዱ ጎንበስ ሲሉ ሰላም እጃቸውን ያዘች።

«አባባ፣ ይተዉላት። ከተመለሰች የት ትገባለች?»

ገብሷ አሁንም እንደቆመች ናት።

በእናንተስ ማሳ ለወፍ የተተወውን ማን አጠፋው? ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልናደድ።