ማሽላዬን የተከራይ ቤት ያስገባሁ ዕለት

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ቆሜ ሰማዩን ቀና ብዬ ባየው፣ በዞብል ተራራ በኩል ጠቁሮ መጥቷል...

በታኅሣሥ ዝናብ ምን ሊሠራ እንደሚመጣ አላህ ይወቀው። የዓመት ማሽላዬ ተወቅቶ፣ በጋሪ መጥቶ፣ ስምንት ኬሻ ሆኖ ደጅ ላይ ተደርድሯል። የኔ ቤት ጣሪያ ደግሞ ያፈሳል።

እኔ ሽማግሌ ነኝ። ባለቤቴ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። ልጆቼ ደሴ ናቸው፤ «አባባ ና፣ ከኛ ጋር ኑር» ይሉኛል። እኔ ግን የሰው ቤት ቁጭ ብዬ ምሳ እስኪቀርብልኝ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም! አምና ሁለቱን በሬዎቼን ሸጥኩ፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠሁ፣ እዚሁ ቆቦ ግቢዬ ውስጥ ሁለት ክፍል በብሎኬት አሠራሁ። ቤት እያከራየሁ የማንንም እጅ ሳላይ ልኖር።

አንደኛው ክፍል ገና በር ስላልተገጠመለት ዝናብም ከብትም ይገባበታል። በሌላኛው ግን የመጀመሪያ ተከራዬ ገባችበት... ሲስተር ብርቱካን፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ፣ አገሯ ጎጃም። ውል እንጻፍ ስትለኝ ተቆጣሁ። «የኔ ቃል ከወረቀት ያንሳል እንዴ?» አልኳት። ሳቀችና ገባች። አንድ ቁልፍ ሰጠኋት፣ ሌላውን ቀበቶዬ ላይ አሰርኩት።

ያን ጠዋት ከተረኝነት ገና አልተመለሰችም። ክፍሏ ውስጥ ያለው አንድ አልጋ፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ምድጃ... ሌላው ሁሉ ባዶ ሊሾ ነው። በኛ አገር ዝናብ ከመጣ እህል የማንም ቤት ይገባል። ጎረቤትህ ባይኖር በሩን ገፍተህ ታስገባለህ፤ ሲመጣ «እንኳንም አተረፍከው» ይልሃል እንጂ ለምን ገባህ የሚል የለም።

ከፈትኩ። ከባለጋሪው ጋር ሆነን ስምንቱንም አስገባን። አልጋዋ መንገድ ቢዘጋብን ወደ ጥግ ገፋነው፣ ሻንጣዋን ኬሻው አናት ላይ አወጣሁላት። ወላሂ፣ አደራደሩ አምሮልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

መጣች። ነጭ ጋወኗን ክንዷ ላይ ጥላ በሩ ላይ ቀረች።

«አባባ... ምንድን ነው ይሄ?»

«ማሽላ ነዋ። አብሽሪ፣ ዝናቡ እስኪያልፍ ነው።»

«በምን ገቡ?»

«በቁልፌ!»

«ሌላም ቀን ይገባሉ?»

እኔ ውሸት አልወድም። «አንዳንዴ... መስኮቱን ልከፍትልሽ። ይሄ ሙቀት እንዳይገድልሽ ብዬ» አልኳት። ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። ፊቷ ግን ተለዋወጠ።

«ይሄ ቤት የማን ነው አባባ?»

«የኔ ነዋ! ድንጋዩን ያስጫንኩ እኔ፣ ቆርቆሮውን ያስመታሁ እኔ!»

«እሺ። እኔ ልብሴን የምለውጠው የት ነው?»



አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፣ እኔም እጮህ ነበር። «ወሩ ሲያልቅ እለቃለሁ። እስከዚያ ጓደኛዬ ዘንድ ነኝ፤ ነገ መጥቼ ዕቃዬን እወስዳለሁ» ብላ ሄደች።

ጎረቤቴ ሰይድ በአጥሩ በኩል ሁሉን ሰምቶ ኖሯል። እሱ ቤት ማከራየት ከጀመረ ብዙ ዘመኑ ነው።

«ይመር፣ ተከራይ ነው ያስገባኸው ወይስ የጎተራ ዘበኛ?»

«ዞር በል! ቤቱ የኔ ነው!»

«ያንተማ ነው። ባዶውን ታቅፈኸው ትኖራለህ። ጤና ጣቢያ ያለ ሰው ሁሉ ሲሰማ ማን ይከራይሃል? ሂድ እንግዲህ፣ ደሴ ቁጭ ብለህ ምሳ ጠብቅ።»

ይቺ ወጋችኝ።

ዝናቡ ደግሞ ጭራሽ አልዘነበም! ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠራ። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ሳስብ... ባለቤቴ፣ አላህ ይማራትና፣ ብቻዋን ባለችበት አንድ ወንድ በራሱ ቁልፍ ከፍቶ፣ መስኮት ልክፈትላት ብዬ ነው ቢለኝ፣ ምን አደርገው ነበር? ገጀራ ነበር የምመዝበት። ይሄን ሳስብ ማንም ሳያየኝ አፈርኩ።

ተነሣሁ። ስምንቱንም ኬሻ ብቻዬን እየጎተትኩ በር ወደሌለው ክፍል ወሰድኩ፣ ሸራ አለበስኩት። ወገቤ እስካሁን አልተመለሰም። ወለሉን ጠረግኩ። አልጋዋን ልመልስ እጄን ዘረጋሁና... ልንካው አልንካው ስል ቆይቼ ተውኩት። ቆልፌ ወጣሁ።

በማግሥቱ መጣች። ከፍታ ስትገባ አየሁ፣ ሻንጣ ሲጎተት ሰማሁ። ቁልፉን ከቀበቶዬ ፈታሁና ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እንደ ልማዴ እግሬን አነሣሁ... መለስኩት።

«ቤቶች!» አልኩ።

በገዛ ግቢዬ፣ ራሴ ባሠራሁት በር ላይ ቆሜ! ሰይድ በአጥሩ እያየኝ ነው፣ ይየኝ።

በሩን ሁለቴ አንኳኳሁ።

«ቤቶች!»

«ደጅ! ማነው?» አለች ከውስጥ።

«ይመር ነኝ... አከራይሽ። ይሄን ቁልፍ ላስረክብሽ ነው። ሌላ የለኝም።»

ወጥታ ቁልፉን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ባዶውን ወለል ዞራ አየች። ይቅርታ የሚለውን ቃል አፌ አልለመደውም። እሷም አልጠበቀችው መሰለኝ። ቁልፉን ተቀበለችኝ።

«እንግዲያው ይግቡና አልጋዬን ወደ ቦታው ይመልሱልኝ» አለች።

ጣሪያና ግድግዳ አከራየሁ ብዬ ስኩራራ ከርሜ... ለካ ያከራየሁት በሩን ኖሯል።