ያልተከፈቱት ኮዳዎች

ቀጨኔ ዳገቱ ላይ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ሳስተምር፣ በዚያ ዓመት በጋ ላይ ክፍሌ ከሰዓት በኋላ ዝም ማለት ጀመረ። ጸጥ ያለ ክፍል መምህርን ደስ ሊያሰኝ ይገባል። የእኔዎቹ ዝምታ ግን ደስ አይልም ነበር። ምሳቸውን በልተው፣ ሜዳው ላይ ተሯሩጠው ይገባሉ፤ ስምንት ሰዓት ሲሆን አንድ በአንድ ይደርቃሉ። ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ ተተክሎ ይቀራል እንጂ አያነቡም። ጥያቄ ስጠይቃቸው የሚመልሱልኝ ቆይተው ነው፤ ድምፄ ከሩቅ ቦታ እየተጓዘ የሚደርሳቸው ይመስል።

መጀመሪያ የቆርቆሮው ሙቀት ነው ብዬ መስኮቶቹን ከፈትኩ። ምንም አልተለወጠም።

ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ፈጣን ልጅ ነበረች፤ እናቷ ሽሮ ሜዳ ነጠላ ቋጪ ናት። አንድ ቀን ደብተሯን ሳርም ገጹ ከላይ እስከ ታች «ከዚያ» በሚል አንድ ቃል ተሞልቶ አገኘሁት። ከሰሌዳው ስትገለብጥ እዚያ ቃል ላይ ደርሳ ቀርታለች። ጠርቼ ሳሳያት ደብተሩን የሌላ ሰው ይመስል አገላብጣ አየችው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት?» አለችኝ።

ወሬው ሰፈር ገባ። ክፍሉ የተሠራው የድሮ መቃብር ላይ ነው ተባለ። አንዳንድ እናቶች ጸበል ይዘው መጡ፤ ጴንጤ የሆኑት ደግሞ ገብተን እንጸልይ አሉ። አንድ አባት ልጁን ሌላ ክፍል እንዳዛውርለት ለመነኝ። እኔም አልዋሽም፣ በሩ ላይ ሳላማትብ መግባት ትቼ ነበር።

አንድ ሐሙስ ልጆቹ ለስፖርት ወጥተው ብቻዬን ቀረሁ። ፀሐይ እንዳይመታቸው ብዬ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ኮዳዎቻቸውን ላነሣ ስል የመጀመሪያው ከበደኝ። ሁለተኛውም ሙሉ ነበር። ሁሉንም አነሣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው፣ ጠዋት ከቤት ከመጣው ውሃ አንድ ጉንጭ የጎደለበት ኮዳ የለም። ያን ሁሉ ሕፃን ማን አስማማው? በጋውን ሙሉ በሩ አጠገብ ያለው መሬት ለምን ጭቃ እንደሆነም ያን ጊዜ ገባኝ። እናቶቻቸው እንዳይቆጧቸው ወደ ቤት ሲሄዱ እዚያ ያፈሱታል።

ልጅቷን ለብቻዋ አስቀርቼ ጠየቅኳት። ከጠጡ ሽንታቸው እንደሚመጣ ነገረችኝ።

«ይምጣ፤ ሽንት ቤት አለ አይደል?»

«እዚያ ስም የሚጠራ አለ፣ ቲቸር። አቤት ያለ ይቀራል።»

ሽንት ቤቱ ከግቢው ጀርባ፣ ገደሉን ተደግፎ የቆመ ነው። ሄድኩ። ውስጡ በቀንም ጨለማ ነው፤ አምፖሉ ከተቃጠለ ቆይቷል። ቆሜ አዳመጥኩ፣ ምንም የለም። ልወጣ ስል ከግድግዳው ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ ውሃ የሚመጣበት ቀን አልነበረም። ትንፋሹ ወፈረ፣ ከዚያ ቀጠነ፣ ከዚያ እናቴ በልጅነቴ በምትጠራኝ አጠራር የስሜን መጀመሪያ አወጣ። አፌ «አ» ብሎ ተከፍቶ ነበር። በእጄ ያዝኩት። ልጆቹ ከሜዳው ያዩኝ ስለነበር ሳልሮጥ ወጣሁ።

ለዳይሬክተሩ ስለ ስሜ አልተናገርኩም፤ ቧንቧው ይጮሃል ብቻ አልኳቸው። የመጣው ቧንቧ ሠራተኛ ባዶ ቱቦ ውስጥ የገባ አየር መሆኑን ነገረኝ፤ የተበላውን ቱቦ ቀየረ፣ አምፖልም ተገጠመ። አየር ሰው ሊጠራ ይችላል ወይ ስለው ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ደወል በተደወለ ቁጥር ሁላችንም ቆመን ውሃ እንጠጣለን። እኔም አብሬ ጠጣሁ፤ ለካ እኔም ከጠዋት እስከ ማታ ምንም ሳልቀምስ ነበር የምውለው፤ የከሰዓቱ ራስ ምታቴም ተወኝ። አምስት አምስት አድርጌ ሽንት ቤት እወስዳቸዋለሁ፤ እስኪወጡ በሩ ላይ ቆሜ የማባዣ ሰንጠረዥ ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ አደርጋቸዋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ከሰዓት በኋላ መንጫጫት ጀመሩ። ልጅቷ ጥያቄዬን ሳልጨርስ እጇን ታወጣለች። እናቶች ጸበሉ ነው አሉ፤ አልተከራከርኳቸውም።

አንድ ቀን የጎረቤት ክፍል መምህርት በራችን ላይ መጥታ ቆመች። ስለ ጫጫታው ልትቆጣ ነው ብዬ ይቅርታ ልጠይቃት ስል፣ እሷ ልጆቹን አንድ በአንድ እያየች ነበር።

«የእኔዎቹ ከሰኞ ጀምሮ እንዲህ መጮህ ትተዋል» አለችኝ።

አብሬያት ሄድኩ። በሩ ሲከፈት አንድም ልጅ አንገቱን አላዞረም።

«ልጆች፣ ተነሡ፤ ውሃ እንጠጣ» አልኳቸው።

እስኪነሡ ድረስ ብዙ ቆዩ።