እህቴን የዳረው ዩሪያ

የአዳማን ሙቀት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው፤ በተለይ መብራት የጠፋ ቀን። የዚያን ቀን ደግሞ የእህቴ ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ፍሪጁ ከጠዋት ጀምሮ ቁም ሳጥን ሆኗል፤ ውስጡ የተደረደረው ለስላሳ በሻይ ፋንታ ቢቀርብ ማንም አይለየውም።

አባቴ ሰበብ አገኘ። ባለፈው ሽማግሌዎቹን «እንምከርበት» ብሎ መልሷቸዋል፤ ወግ ነው፣ ምንም አይባልም። አሁን ግን ወጉ ጣመው። «ሙቅ ለስላሳ አቅርቤ አልዋረድም! ደውሉላቸው፣ ሌላ ቀን ይምጡ» አለ። እህቴ ጓዳ ገብታ ተንሰቀሰቀች። ዋናው ሽማግሌ «ዳግመኛ ከመለሱኝ እግሬን አላነሳም» ማለታቸውን ሰምታለች።

እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። አባቴ «ያቺ ውሃ ከውሃ የምትቀላቅለው» ነው የሚለኝ። ዓይኔ በረንዳው ላይ ካለ ጆንያ ላይ አረፈ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ለስንዴያቸው ገዝተው ወደ ሁሩታ ሊወስዱት ያሳደሩት ዩሪያ ማዳበሪያ ነው። ዩሪያ ሲሟሟ ሙቀቱን ከውሃው ይወስዳል፤ በዛ አድርገው ከጨመሩት እጅ ያደነዝዛል። ተማሪዎቼ አጨብጭበውልኝ የሚያውቁት በዚህ ሙከራ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ዩሪያ ይስጡኝ።»

«ቶሌ፣ እሺ ውሰጂ» አሉ አጎቴ። ግማሹን ጆንያ ትልቁ ሳፋ ውስጥ ስዘረግፈው ግን «ኧረ በማርያም! ስንዴዬን!» ብለው ጮኹ። ውሃ ጨምሬ አማሰልኩና ጠርሙሶቹን ነከርኩ። አጎቴ ጣታቸውን ሰደድ አድርገው «ወይ ጉድ!» አሉ፤ ጣታቸውን ለማውጣትም አልቸኮሉም። አባቴ ሰበቡ አለቀበት።

ሽማግሌዎቹ ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ። በጥድፊያ ጠርሙሶቹን ሳናለቀልቅ አቀረብን። ዋናው ሽማግሌ ጠርሙሱን ከመክፈታቸው በፊት ግንባራቸው ላይ፣ ጉንጫቸው ላይ ያንከባልሉት ጀመር። «እሰይ! እሰይ!» ይላሉ። ወዲያው እርጥበቱ ደረቀና ፊታቸው ላይ ነጭ ነጭ መስመር ወጣ።

«ለመሆኑ መብራት ሳይኖር እንዴት ቀዘቀዘ?» ብለው ጠየቁ።

አፌን ሳልከፍት አጎቴ ቀደሙኝ። «በእኔ ማዳበሪያ ነዋ!»

ጠርሙሶቹ ሁሉ ባንዴ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አሉ። ዋናው ሽማግሌ ፊታቸውን ዳሰሱ። «እና አሁን ልበቅል ነው?»

ቆርኪው ድፍን ነው፣ ውስጡ ምንም አልገባም እያልኩ ውሃና ፎጣ ይዤ ሮጥኩ። ሙቀት ሳቢ ለማለት ኢንዶተርሚክ የሚለውንም ቃል ጣል አደረግኩ፤ ነገሩን አባሰው እንጂ አልጠቀመኝም።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ከተበላሸ፣ ሌላ ቀን ቀጠሮ ይዘን…»

«ዝም በል አንተ!» አሉ አጎቴ ብድግ ብለው። «ሌላ ቀን? የቀረችውን ግማሽ ጆንያ ደግሞ ለቀጠሮህ ላሟሟልህ? ስንዴዬ ምን ይብላ? ስጥ ልጅቷን!»

አባቴ ታላቁን ተቃውሞ አያውቅም። መሬት መሬቱን አየና «ይሁን፣ ሰጥቻለሁ» አለ።

ከጓዳ ቤቱን የሚያናውጥ እልልታ ተሰማ። እናቴ ናት ብለን ዞር ስንል፣ እናቴ አጠገባችን አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆማለች።